የተማሪዎች ተቃውሞና የወጣቶች የፖለቲካ ተሳትፎ፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ተማሪዎች ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ፣ የቴዎድሮስና የፋሲል ግቢዎች በሚገቡበት ጊዜ ሁሉ ከተማሪዎቹ፣ ሸኝተዋቸው ከሚመጡ ወላጆችና ከከተማው ነዋሪዎች የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚደጋገሙት ከዚህ በታች ቀርበዋል። መልሶቹ የተጻፉት ተማሪው ታሪኩንና ሕጉን አውቆ፣ ሲናገርም ሆነ ዝም ሲል በሌላ ሰው ግፊት ሳይሆን በራሱ ውሳኔ እንዲሆን ለማገዝ ነው።

በኢትዮጵያ የተማሪዎች ተቃውሞ እንዴት ተጀመረ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ተማሪው ለንጉሠ ነገሥቱ ያለውን ምስጋና ከመግለጽ ያለፈ የፖለቲካ ድምፅ አልነበረውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ግርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ ግን የኮሌጁ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው አደባባይ ወጡ። ሙከራው ቢከሽፍም በተማሪው ዘንድ የነበረው ዝምታ ተመልሶ አልመጣም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተጓዙ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለማኞችና ድሆች ሾላ በሚባለው ሥፍራ ታጉረው የሚኖሩበትን ሁኔታ አጋልጠው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ጠየቁ።

በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ምግቡና መኝታው የተሟላለት፣ ሲመረቅም ሥራው የሚጠብቀው ሰው ነበር። ከጭሰኛው ጋር የሚያገናኘው የግል ጥቅም አልነበረውም፤ ከመካከላቸውም የባለመሬት ልጆች ነበሩ። ለራሳቸው ምንም የማያስገኝላቸውን፣ እንዲያውም የአባቶቻቸውን ርስት የሚያሳጣቸውን ጥያቄ ይዘው መውጣታቸው በእኔ እምነት የዚያ ትውልድ ትልቁ ነገር ነው። ጥያቄያቸውም በሁለት ቃል የሚነገር፣ ማንም የሚረዳው፣ መንግሥትም እሺ ወይም እንቢ ብሎ ሊመልሰው የሚችል ነበር።

የ1962 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ናቸው። በኅዳር ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዋለልኝ መኰንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግልጽ ያነሣውን ጽሑፉን በተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ምሽት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ከበው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኰሱ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅስቃሴው ይበልጥ ሥር ነቀል፣ ይበልጥም ኅቡዕ እየሆነ ሄደ።

ጎንደር በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ አላት?

የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት በደምቢያ ሜዳ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ኮሌጁ ከአባሎቹ አንዱ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ የሚነሣው ጥያቄ ወደ ጎንደር፣ ከገጠር የሚታየው ድህነትም ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ።

የጎንደር ተማሪ የገበሬውን ኑሮ በወሬ የሚያውቅ አልነበረም። ደምቢያ ወዳለችው ቆላ ድባ ወርዶ በወባ የተያዘ ሕፃን ያከመ፣ ምንጭ ያጎለበተ፣ ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሰፍረውን በዓይኑ ያየ ሰው ስለ መሬት ሲናገር ንግግሩ ሌላ ክብደት አለው። የጤና ተማሪዎች ዛሬም በቡድን ሥልጠና ፕሮግራም ሳምንታትን በገጠር ጤና ጣቢያዎች አካባቢ እየኖሩ ያሳልፋሉ። ይህን ልምምድ አብዛኛው ሰው ከፖለቲካ ጋር አያገናኘውም። እኔ ግን በዜግነት ትምህርት ከሚሰጥ ማንኛውም ኮርስ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ይመስለኛል።

ወላጆች «ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ» የሚሉት ለምንድን ነው?

ይህን ምክር እንደ ፍርሃት ብቻ ቆጥሮ የሚያልፍ ወጣት የወላጆቹን ዕድሜ አያውቅም ማለት ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሰማሩ ተስፋው ትልቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ያ የ1957ቱ መፈክር ሕግ ሆነ። ይሁንና ጥያቄውን የተቀበለው ወታደራዊ መንግሥት ጠያቂዎቹን አልተቀበላቸውም። ከተማሪው እንቅስቃሴ በወጡት ድርጅቶች በኢሕአፓና በመኢሶን፣ እንዲሁም በወታደራዊው መንግሥት በደርግ መካከል የነበረው ልዩነት ወደ መገዳደል ተሸጋገረ፤ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የታወጀው ቀይ ሽብርም በየከተማው የወጣቱን ትውልድ ጨረሰ።

ጎንደር በዚያ ዘመን እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ናት። የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ የነበረው ሻለቃ መላኩ ተፈራ በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለባቸው ግድያዎች ሰለባ በብዛት የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ነበሩ። ለሞተ ልጅ ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። በዚህ ከተማ ልጇን ያጣች እናት ያላት ቤተሰብ ማግኘት ዛሬም አስቸጋሪ አይደለም፤ የአጎት ወይም የአክስት ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለ እርሱ የማይወራባቸው ቤቶችም አሉ። ታዲያ አያት «ተማርና ሥራህን ያዝ» ስትል ከንግግሯ በስተጀርባ ያለው ይህ ነው።

ለወጣቶች የምለው አንድ ነገር ቢኖር እነዚህን ሰዎች እንዲጠይቋቸው ነው። የዚያ ትውልድ ሰዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ምን አምነው እንደ ወጡ፣ መቼ እንደ ተጠራጠሩ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በምን እንደ ተለያዩ የሚናገሩት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ለወላጆችም እንዲሁ ማለት እፈልጋለሁ፦ ምክንያቱ ያልተነገረው ክልከላ ልጁን አይጠብቀውም፤ ታሪኩን ሰምቶ ያደገ ልጅ ግን አደጋን ከሩቅ ይለያል።

የተማሪዎች እንቅስቃሴ ለአገሪቱ ጥቅም አመጣ ወይስ ጉዳት?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ አይቻለሁ። የመሬት ሥሪቱን የለወጠው፣ የሃይማኖትና የብሔረሰብ እኩልነትን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጣው ያ እንቅስቃሴ መሆኑ አይካድም። በዚያው ልክ፣ ከእርሱ የወጡት ድርጅቶች የተለየ ሐሳብ ያለውን ጓድ እንደ ጠላት የመቁጠር ልማድ ይዘው ወጡ፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ድረስ ፖለቲካችንን እየበከለ ነው። ጉዳቱ የመጣው ከጥያቄዎቹ ነው ብዬ አላምንም። መጽሐፍ በጥድፊያ አንብቦ መልሱን አገኘሁ ከማለት፣ ከዚያም ያንን መልስ ያልተቀበለውን ሁሉ ከማግለል የመጣ ነው። በዛሬው ተማሪ ላይ የማየው ትልቁ አደጋም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መጽሐፉ በቪዲዮ መተካቱ ብቻ ነው።

ከደርግ በኋላ የተማሪዎች ተቃውሞ ቀጥሏልን?

ቀጥሏል። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በተመለከተ ባደረጉት ሰልፍ ላይ ተተኩሶ ሕይወት ጠፋ፤ በዚያው ዓመት 42 መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ፣ ነፃ ማኅበርና የራሳቸው ጋዜጣ እንዲኖራቸው ጠይቀው በተነሣው ረብሻ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተከተለው ግድያም የጉዳዩ አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋግጧል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ።

በ2006 ዓ.ም. በአምቦና በሌሎች የኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም የጀመረው እንቅስቃሴ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነሥቶ ክልሉን አዳረሰ። በጥር ወር መንግሥት ዕቅዱን ለመሰረዝ ተገደደ። አንድ የታወቀ ሰነድ፣ አንድ የታወቀ ጥያቄ፣ ሊሰጥ የሚችል መልስ መኖሩን እዚህም ላይ ማስተዋል ይገባል።

የ2008ቱ የጎንደር ሰልፍ ለምን ይታወሳል?

ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለዳ የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባላትን በጎንደር ለመያዝ ሲሞክሩ ተኩስ ተከፍቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሐምሌ 24 ቀን ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ በከተማዋ አደባባይ ወጣ። ሰልፉ በባለሥልጣናት ዕውቅና ያልተሰጠው ቢሆንም በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተጠናቀቀ። በዚያ ቀን ከታዩት መፈክሮች መካከል በኦሮሚያ የሚፈሰውን ደም የራስ ደም አድርገው የቆጠሩ ነበሩ፤ ለዓመታት ሁለቱ ሕዝቦች እንዲፈራሩ ሲሠራ በቆየበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የዚያን ቀን ሥርዓት ያስጠበቀው ፖሊስ አልነበረም። ሽማግሌዎች ከፊት ሆነው፣ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንግሥት ሕንጻዎችና በሱቆች ፊት ሰንሰለት እየሠሩ፣ ድንጋይ ያነሣ እንዳይኖር እርስ በርስ እየተቆጣጠሩ ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ በባሕር ዳር በተካሄደው ሰልፍ ላይ በተተኮሰ ጥይት በርካታ ወጣቶች ተገደሉ። በጎንደርም ነዋሪው ከቤት ባለመውጣት አድማ ሐዘኑንና ተቃውሞውን ገለጠ፤ ሱቆች ተዘግተው፣ ጎዳናው ባዶ ሆኖ ያለፉት ቀናት ጩኸት የሌለበት ተቃውሞ ምን ያህል ሊሰማ እንደሚችል አሳይተዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል?

በሕጉ መሠረት የሚያስፈልገው ማሳወቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጆቹ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዛል። በማሳወቂያው ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ሊሰፍር ይገባል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ የሚል ምክንያት ካለው በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ሰልፉ በየትኛውም ቦታና በየትኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም።

ቦታን በተመለከተ ከኤምባሲዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ሥፍራ በ100 ሜትር፣ ከጦር ኃይልና ከጸጥታ ተቋማት ደግሞ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ፣ እንዲሁም በገበያ ቀን በገበያ ቦታ ሰልፍ ማድረግ የተከለከለ ነው። ጎንደር የአድባራት ከተማ ስለሆነች ይህ ድንጋጌ የሰልፉን መንገድ በመምረጥ ላይ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ገበያን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር በቅዳሜ ቀን ማቀድም ለክልከላ ምክንያት መስጠት ነው።

በተግባር ባለሥልጣናት «አልተፈቀደም» ሲሉ የምንሰማው ከዚህ ሕግ ጋር የማይስማማ ቋንቋ ነው። ይህን በድፍረት መናገር ይገባል። ሆኖም ማሳወቂያ ሳያስገቡ የሚወጡ ሰዎች ይህን ክርክር በፍርድ ቤት ለማንሣት የሚያስችላቸውን ወረቀት በራሳቸው እጅ አጥተውታል።

በግቢ ውስጥ ተቃውሞ ማሰማትስ?

የዩኒቨርሲቲ ግቢ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ና በየተቋሙ የሴኔት ሕግ የሚተዳደር ነው። ተማሪው ሐሳቡን የመግለጽና የመደራጀት መብቱን በግቢው በር ላይ አስረክቦ አይገባም፤ ነገር ግን ትምህርትን የማስተጓጎል፣ ንብረት የማጥፋት ወይም ሌላውን ከክፍል የማስወጣት ድርጊት በዲሲፕሊን ያስጠይቃል። ክፍል አልገባም የሚል ተማሪ ለራሱ መወሰን ይችላል። የጓደኛውን የዶርም በር እየደበደበ «አንተም አትገባም» የሚለው ግን የሚቃወመውን አሠራር ራሱ እየደገመው ነው።

በዲሲፕሊን የተከሰሰ ተማሪ ክሱን በጽሑፍ የማወቅ፣ የመከላከያ ቃሉን የመስጠትና ይግባኝ የማለት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የአስተዳደር ውሳኔ ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥና በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። በቃል ብቻ «ከነገ ጀምሮ ዶርም ልቀቅ» የተባለ ተማሪ የመጀመሪያ እርምጃው ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

የካፌ ምግብ፣ የውሃና የመብራት ጥያቄ ፖለቲካ ነውን?

አዎ፣ በተገቢው ትርጉሙ ፖለቲካ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ እንዴት እንደሚመደብ የሚመለከት ጥያቄ ነውና። ለዓመታት የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆነ፣ በኋላም የዋጋ ንረቱ ሲጠና ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ሦስት ጊዜ ለመመገብ 22 ብር ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በየግቢው የተነሡ ብዙ ረብሻዎች መነሻቸው አንድ ቀን ያልደረሰ እንጀራ ወይም ለቀናት የጠፋ ውሃ ነው፤ መስኮት ከተሰበረ በኋላ ግን ስለ እንጀራው የሚያወራ ሰው አይገኝም፣ ወሬው ሁሉ ስለ መስኮቱ ይሆናል።

አቤቱታ እንዴት ቢቀርብ መልስ ያገኛል?

አብዛኛው የተማሪ ቅሬታ የሚጠፋው በሚመለከተው ሰው ቢሮ በር ላይ በቃል ተነግሮ ነው። «ነግረናቸው ነበር» የሚለው አባባል ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ አቤቱታው በአንድ ገጽ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ይጻፍ። ለማን እንደ ተጻፈ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ከላይ ይቀመጥ፤ ችግሩ በየትኛው ሕንጻ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ተማሪ እንደሚነካ ይገለጽ፤ ምን እንዲደረግና እስከ መቼ መልስ እንደሚጠበቅ በግልጽ ይነገር። «አጠቃላይ የመልካም አስተዳደር ችግር» የሚል ሐረግ ለማንም መልስ የማያስፈልገው ሐረግ ነው። «በሦስተኛው ሕንጻ ከጥቅምት 5 ጀምሮ ውሃ የለም» የሚለው ግን አንድ ሰው ሊጠየቅበት ይችላል። ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ ስምና መታወቂያ ቁጥር ከፊርማው ጎን ይስፈር፤ ማንም ግን ተገድዶ አይፈርም።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ወደ መዝገብ ቤት ይወሰድ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ስትጽፍ በሁለተኛውም ላይ ያንኑ እንድትጽፍና ማኅተም እንድታሳርፍበት ይጠየቅ፤ ያ ሁለተኛው ቅጂ በተማሪዎቹ እጅ ይቀራል። ለተማሪዎች ኅብረትና ለተማሪዎች ዲን ግልባጭ ይደረግ። በተባለው ቀን መልስ ካልመጣ የቀድሞውን የገቢ ቁጥር ጠቅሶ ለበላይ አካል ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም እርምጃ፣ ሰልፍም ቢሆን፣ ጀርባው የጸና የሚሆነው በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

የተማሪዎች ኅብረት የተማሪው ነው ወይስ የአስተዳደሩ?

ሊሆን የሚገባው የተማሪው ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ተማሪው በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተከፋፍሎ፣ ኅብረቶቹም የገዥው ፓርቲ መመልመያ ተደርገው የሚታዩበት ጊዜ ስለነበር ጥርጣሬው ዛሬም አልጠፋም። ይህን የሚለውጠው ምርጫው ላይ መገኘት ነው። በኅብረት ምርጫ ቀን ዶርም ተኝቶ የዋለ ተማሪ በቀሪው ዓመት ተወካዩን ሲያማ መስማት ያሳዝነኛል። ዕጩውን ጠይቁት፤ የተመደበለትን በጀት ሪፖርት እንዲያቀርብ አስገድዱት።

በዩኒቨርሲቲዎች የሚነሣው የብሔር ግጭት ከተቃውሞ በምን ይለያል?

በ2012 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ፤ በጥር ወር በአማራ ክልል ከተሞች ሕዝብ የልጆቹን ደብዛ ለመጠየቅ አደባባይ ወጣ። የእነዚያ ተማሪዎች ወላጆች ጥያቄ በቂ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ እስከ ዛሬ የሚያም ነገር ነው።

ተቃውሞ ኃላፊነት ላለበት አካል የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አጠገብ የተኛን ተማሪ በተወለደበት አካባቢ ምክንያት ማጥቃት ማንንም አይጠይቅም፣ ምንም መልስም አይሻም፤ ወንጀል ነው።

በጎንደር ለዚህ ከተሰጡት ምላሾች እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተባለውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ፈቃደኛ ከሆኑ የከተማዋ ቤተሰቦች ጋር ያገናኛል። ተማሪው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው፣ «እማዬ» የሚላት እናት ያገኛል። ከወለጋ ወይም ከሲዳማ የመጣ ልጅ በፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጦ «ብላ እንጂ፣ ምን ነካህ» ሲባል፣ ግቢው ውስጥ ወሬ በተነሣ ጊዜ የሚደውልለት ሰው አለው ማለት ነው። ቤተሰቡም ስለ ሌላው አካባቢ የሚሰማውን በልጁ ፊት እያየ ይመዝናል። ያልተመዘገባችሁ የከተማዋ ነዋሪዎች እንድትመዘገቡ እለምናለሁ።

በፌስቡክና በቴሌግራም የምንጽፈው ያስጠይቃል?

ሊያስጠይቅ ይችላል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብዳል። መንግሥትን መተቸት በዚህ አዋጅ ወንጀል አይደለም። በተግባር መስመሩ ሁልጊዜ በታማኝነት እንደማይሰመር ስለምናውቅ ግን፣ ያላዩትን ሞት ቁጥር ጨምሮ አለማጋራት፣ የጓደኛን ፊት በሰልፍ ላይ ቀርጾ አለመለጠፍ፣ ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ ወደ ክፍል ግሩፕ አለማስተላለፍ ከሕግም በላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ተማሪ ቢያዝ ምን መብት አለው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው ሊገለጽለት፣ ለመንገድ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። በአንቀጽ 21 ደግሞ ከቤተሰቡ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት በኩል የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሊያግዙ የሚችሉ ናቸው። ጓደኞች ማድረግ ያለባቸው የመጀመሪያ ነገር የት እንደተወሰደ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እንደተያዘ ጽፎ መያዝና ለቤተሰቡ መደወል ነው።

ዛሬ ክልሉ ባለበት ሁኔታ ስለ ሰላማዊ ተቃውሞ መናገር ትርጉም አለው?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣውን የትጥቅ ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለ6 ወራት ከጸና በኋላ ለ4 ወራት ተራዝሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አበቃ። አዋጁ አለቀ ማለት ግን ግጭቱ አለቀ ማለት አልነበረም። ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ወራት፣ የተዘጉ መንገዶች፣ የዘገየ የትምህርት ጥሪ፣ መንገድ ላይ ታግቶ ገንዘብ የተጠየቀበት ተማሪ ሁሉም ይህ ትውልድ በዓይኑ ያየው ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጣቱ ከሁለት አቅጣጫ ይጠራል፤ ያልመጣውም በሁለቱም ይጠረጠራል። ማንም ሰው ለሌላው ወጣት አደባባይ ውጣ ብሎ ከሩቅ የመምከር መብት የለውም፤ እኔም አልመክርም። ነገር ግን የመንገድ ደኅንነት፣ የፈተና ጊዜ፣ የታሰረ ጓደኛ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ የግቢ ሠራተኞች ደሞዝ በወቅቱ መከፈል ዛሬም በጽሑፍ፣ በስብሰባ፣ በኅብረት ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በነፍጥ ያልተያዘ ቦታ ጠቦ ጠቦ ጥቂት ስለቀረ ብቻ ያንን ጥቂት መተው የለብንም። የመማር ማስተማር ሥራው ባይቋረጥ፣ ላይብረሪው ክፍት ቢሆን፣ በተለያየ አመለካከት ያሉ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢከራከሩ፣ ለነገ የሚተርፍ ነገር አለ።

ለመምረጥና ለመመረጥ ዕድሜው ስንት ነው? ተማሪ የፓርቲ አባል መሆን ይችላል?

ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ከትምህርት ቦታቸው መራቅ ለማይችሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ሊቋቋም ይችላል። ተማሪ የፓርቲ አባል ከመሆን የሚከለክለው ሕግ የለም፤ አዲስ ፓርቲ ለመመሥረት ደግሞ ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለው ሕዝብ በመራጮች መዝገብ ላይ ያለውን ክብደት በምክር ቤት ወንበር ላይ አናየውም።

ተቃውሞ ሳይወጣ ወጣቱ በምን ሊሳተፍ ይችላል?

በቀበሌው የበጀት ውይይት ላይ ተገኝቶ የመንገዱንና የውሃውን ወጪ መጠየቅ ይቻላል። የሕግ ተማሪ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከል የእናቶችን የቀለብ አቤቱታ መጻፍ፣ የጤና ተማሪ በቡድን ሥልጠናው ወቅት ያየውን የመድኃኒት እጥረት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በሰነድ ማቅረብ፣ የታሪክ ተማሪ በዚህች ከተማ ከቀይ ሽብር የተረፉ ሰዎችን ቃል ፈቃዳቸውን ጠይቆ መቅረጽ ይችላል። የአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መውጣት የሲቪክ ማኅበራት የቀድሞው ሕግ ከልክሏቸው በነበረው የመብት ጉዳይ ላይ እንዲሠሩ ስለፈቀደ፣ ማኅበር ማቋቋምም ከቀድሞው ይልቅ የቀለለ ነው። ለመጀመር የሚፈልጉ ተማሪዎች ጉዳዩን፣ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትና አብሯቸው የሚሠራውን መምህር ለይተው ቢመጡ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ ረቂቅ ደብዳቤያቸውን አይቶ ሊያርምላቸው ይችላል።